«እስኪጮኽ ጥረጉ»፦ የማኅፀን ጠባሳ የ130 ዓመት መንገድ

የአክስቴ ልጅ ፊልሙን የያዘችው በካኪ ፖስታ ነበር። ታክሲ ውስጥ እንዳይታጠፍባት ደረቷ ላይ አቅፋው መጣች፤ ሐኪሙ ፊት ተቀምጣም ቶሎ አልሰጠችውም። ሐኪሙ ተቀበላትና ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ጤነኛ ማኅፀን መድኃኒት ተሞልቶ ራጅ ሲነሣ ጫፉ ወደ ታች የተዘቀዘቀ ነጭ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ከላይኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች ክር የመሰሉት የዘር ቱቦዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወጣሉ። የእሷ ሦስት ማዕዘን ግን አይጥ የቀመሰው ዳቦ ነበር። የግራው ማዕዘን የለም፤ መሐሉ ላይ መድኃኒቱ ያልደረሰበት ጥቁር ደሴት አለ።

«እዚህ ጋ ተጣብቋል» አለ ሐኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ። «ስንት ጊዜ ነው የተጠረግሽው?»

ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ በሦስተኛ ወሯ ጽንሱ ሲወርድ፣ ከዚያ «ትንሽ ቀርቷል» ተብላ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ከሁለተኛው በኋላ የወር አበባዋ አንድ ቀን ጠብ ብሎ የሚቆም ሆነ። ማንም አልጠረጠረም፤ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ወስዳ ስለነበር «መርፌው ነው ያደረቀው» ተባለ። መርፌውን ካቆመች አንድ ዓመት አለፈ፣ ደሙ ግን አልተመለሰም። ቤተ ዘመድ በበኩሉ «ሾተላይ ነው» ብሎ ጨርሶ ነበር። ሁለት የተለያየ በሽታ በአንድ ስም መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው። ሾተላይ የምንለውን ሐኪሞች ዛሬ በአብዛኛው የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም ብለው ያስረዱታል፤ የእሷ ግን ጠባሳ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ጠባሳ ማንበብ ጀመርኩ። የመቶ ሠላሳ ዓመቱን መንገድ ከላይ እስከ ታች ሳየው ዓይኔን የያዘው ከመሣሪያዎቹ መራቀቅ ይበልጥ ሕክምናው በየዘመኑ ምን ይቆጥር እንደነበረ ነው። አንዱ ዘመን የወር አበባ መመለሱን ቆጠረ፣ ሌላው የማኅፀኑን ቅርጽ፣ ሌላው ጽንስ መያዙን። በሕይወት የተወለደ ልጅ መቁጠር የተጀመረው በጣም ዘግይቶ ነው። የሁሉም ዘመን ሐኪም ደግሞ የሚቆጥረውን ሲያክም ኖሯል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ማንኪያ ነው። በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ሬካሚዬ ረጅም እጀታ ያለው የብረት ማንኪያ ማኅፀን ለመጥረግ ተጠቀመ። ማንኪያው ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ከማኅፀን ሐኪም እጅ አልወጣም። ለሚደማ ማኅፀን፣ ለወረደ ጽንስ፣ ለቀረ የእንግዴ ልጅ፣ ለሁሉም መልሱ መጥረግ ነበር። ስንት መጥረግ እንደሚበቃ ለተማሪው የሚነገረው ምልክት ደግሞ ድምፅ ነው፤ «እስኪጮኽ ጥረግ»። ማንኪያው ለስላሳውን ሽፋን አልፎ ጠንካራውን ጡንቻ ሲነካ አሸዋ የመጫር ያህል ሻካራ ድምፅና ስሜት ይሰጣል። መጻሕፍቱ የማኅፀን ጩኸት ይሉታል። ጩኸቱ ሲሰማ ማኅፀኑ ጸዳ፣ ሥራው አለቀ።

አሁን ስናስበው ያ ጩኸት የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ሁለት ንጣፍ አለው። ላይኛው በየወሩ ይወፍርና የወር አበባ ሆኖ ይፈሳል፤ ሥረኛው ግን ጡንቻው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ወር አዲሱን ሽፋን የሚያበቅለውም እሱ ነው። ሣር ታጭዶ መልሶ ያድጋል፣ ከነሥሩ የተነቀለበት ቦታ ግን ራቁቱን ይቀራል። ማንኪያው የሚጮኸው ሥሩ ከተነቀለ በኋላ ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት የማኅፀን ግድግዳዎች በዚህ መንገድ ሲላጡ ቁስል ከቁስል ይነካካል፣ በመሐል ስስ ድር ይሠራል፣ ድሩ ውሎ አድሮ ጠባሳ ይሆናል።

ይህን መጀመሪያ የጻፈው ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ፍሪትሽ ነው፣ በ1894። ከወሊድ በኋላ ማኅፀኗ ተጠርጎ የወር አበባዋ ጨርሶ የጠፋ የአንዲት ሴት ታሪክ ነበር። አንድ ሴት፣ አንድ ጽሑፍ፤ ሐኪሞቹ አንብበው ወደ ማንኪያቸው ተመለሱ። አልፎ አልፎ ሌሎችም ጽፈዋል፣ የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። ለበሽታው ስሙን የሰጠው ከቦሂሚያ ተነሥቶ ቴል አቪቭ የሠራው ዮሴፍ አሸርማን ነው። በ1948 የ29 ሴቶችን ታሪክ ሰብስቦ አወጣ። ሁሉም ከመጠረግ በኋላ የወር አበባቸው ጠፍቷል፣ የሆርሞን ችግር ግን የለባቸውም። አሸርማን መጀመሪያ ላይ ያየው የማኅፀን በር መዘጋቱን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በራጅ ፊልም ራሱ የማኅፀኑ ክፍተት ውስጥ ያለውን መጣበቅ አሳየ። የአክስቴ ልጅ በካኪ ፖስታ ያቀፈችው ፊልም የዚያ ፊልም የልጅ ልጅ ነው። ምርመራው ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ በማኅፀን በር በኩል ነጭ ሆኖ የሚታይ መድኃኒት ይገባል፣ ራጅ ይነሣል።

ያ ትውልድ የቆጠረው ደምን ነበር። የወር አበባ ተመለሰ? ድናለች። ሕክምናውም የጨለማ ሥራ ነው። ሐኪሙ ሳያይ ብረት አስገብቶ የተጣበቀውን ይፈለቅቃል፣ አለዚያ ሆድ ከፍቶ፣ ማኅፀኑንም ቀዶ በዓይኑ እያየ ይለያያል። የመጀመሪያው ማኅፀን የመብሳት አደጋ ነበረው። ሁለተኛው ጠባሳ ለማንሣት ሌላ ጠባሳ የሚተው ነው።

የማኅፀንን ውስጥ በዓይን የማየት ሐሳብ ግን ከፍሪትሽም ከአሸርማንም ይቀድማል። በ1869 ፓንታሌዮኒ የተባለ ሐኪም ለሚደሙ የ60 ዓመት ሴት ማኅፀን ውስጥ ቱቦ አስገብቶ ያየውን ሥጋ በብር ጨው አቃጥሏል። ታዲያ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ለምን ተኛ? የሽንት ፊኛ ውኃ ሲሞሉት ይለጠጣል፤ ማኅፀን ግን ወፍራም፣ ግድግዳዎቹ የተደራረቡ፣ ሲነኩት የሚደማ አካል ነው። ቱቦው ቢገባም የሚታየው ቀይ ጨለማ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከፈሳሽ ነው። በ1970 ሁለት የስዊድን ሐኪሞች ከደም ጋር በቀላሉ የማይቀላቀል ወፍራም የስኳር ፈሳሽ በግፊት ሞልተው ማኅፀኑን ከፈቱት። ከዚያ ወዲህ ሂስተሮስኮፒ የሚባለው መሣሪያ እየቀጠነ፣ ከጎኑ መቀስ እያስገባ ሄደ። በ1978 የሎስ አንጀለሱ ቻርልስ ማርች ከባልደረቦቹ ጋር መጣበቁን እያዩ በመቀስ የመቁረጡን ሥራ አሳተመ፣ ደረጃም አወጣለት፤ ከክፍተቱ ከሩብ በታች የያዘ ቀላል፣ እስከ ሦስት አራተኛ የያዘ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። የመቁጠሪያው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ከደም ወደ ቅርጽ ተሸጋገርን። «ክፍተቱ ተከፈተ ወይ?» የሚለው «ደሙ መጣ ወይ?» የሚለውን ተካ።

በ1982 ከኢየሩሳሌም የወጣ ጽሑፍ ደግሞ ጥያቄውን ወደ ኋላ መለሰው። ሼንከርና ማርጋሊዮት እስከዚያ ድረስ በዓለም የታተሙትን 1,856 ታማሚዎች ሰብስበው መነሻቸውን አጣሩ። 66.7 በመቶው ከውርጃ በኋላ የተጠረጉ ነበሩ፤ 21.5 በመቶው ከወሊድ በኋላ። ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጉት፣ ማለት ነው፣ ጠባሳውን ያገኙት እርጉዝ በነበረ ወይም ገና በተገላገለ ማኅፀን ላይ ማንኪያ ስላረፈ ነው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ያ ማኅፀን ለስላሳ ነው፣ ማንኪያው ሳይታወቀው ጠልቆ ይሄዳል። በዚያ ላይ ከወሊድ በኋላ፣ በተለይ እናትየዋ ስታጠባ፣ ሽፋኑን የሚያበቅለው ኢስትሮጅን ዝቅ ይላል። ቁስሉ ትኩስ፣ መድኃኒቱ የጠፋበት ጊዜ ነው። በ1998 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ከወሊድ በኋላ የቀረ የእንግዴ ልጅ ለማውጣት ወይም ለሁለተኛ ጊዜ የተጠረጉ ሴቶችን በሂስተሮስኮፒ ሲያይ 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ መጣበቅ አገኘ። «ትንሽ ቀርቷል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነች የገባኝ ይህን ቁጥር ሳነብብ ነው። በ2014 ሁከርና ባልደረቦቹ ጥናቶቹን ሁሉ ሲደምሩ ጽንስ ከወረደ በኋላ ከአምስቱ ሴቶች በአንዷ ግድም፣ 19.1 በመቶ፣ መጣበቅ ታየ። ብዙው ቀላል ነው፤ ደጋግሞ መጠረግ ግን ቁጥሩንም ክብደቱንም ከፍ ያደርገዋል።

የተጣበቀውን መቁረጥ ግማሽ መንገድ ነው። መቀሱ ሲወጣ ሁለቱ ቁስሎች አሁንም ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል፣ በቀናት ውስጥ መልሰው ሊያያዙ ይችላሉ። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት የሕክምናው ትልቁ ሩጫ በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች መሐል ምን እናስቀምጥ የሚል ነው።

መጀመሪያ ሉፕ ነበር። እኛ አገር ማንኛውንም በማኅፀን የሚቀመጥ መከላከያ «ሉፕ» እንላለን። ቃሉ የመጣው በ1960ዎቹ መግቢያ አሜሪካዊው ጃክ ሊፒስ ከሠራው፣ እንደ እባብ ከተጠማዘዘው ፕላስቲክ ነው። ዕቃው ከገበያ ከጠፋ ዘመን አለው፣ ስሙ ግን በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች ይኖራል። ያ ጠምዛዛ ፕላስቲክ ሰፊ ስለነበር ግድግዳዎቹን ለያይቶ ለማቆየት ተስማሚ ነበር። ዛሬ ያሉት ቲ ቅርጽ ያላቸው ናቸው፣ የሚሸፍኑት ቦታ ጠባብ ነው። የመዳቡ ደግሞ በማኅፀን ውስጥ መቆጣት ስለሚፈጥር ለዚህ ሥራ አይመከርም።

ቀጥሎ የመጣው የሽንት ካቴተር ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ፊኛ ውኃ ተሞልታ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን በማኅፀን ውስጥ ትቆያለች። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። በ2003 ከናይጄሪያ ቤኒን ሲቲ የወጣ ጥናት ከቆረጣው በኋላ ካቴተር የተደረገላቸውን 59 ሴቶች ሉፕ ከተደረገላቸው 51 ጋር አወዳደረ፤ የወር አበባቸው በደንብ የተመለሰው 81.4 በመቶና 62.7 በመቶ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ዕጣ ተጥሎም አልነበረም። ግን በአፍሪካ ሆስፒታል፣ ማንም በሚያገኘው ዕቃ፣ ለራሳችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ ስለሆነ እወደዋለሁ። በሀብታም አገሮች ፊኛዋ ዛሬ የማኅፀኑን ክፍተት ተከትላ በልብ ቅርጽ ተሠርታለች፤ ሐሳቡ ያው ነው።

ከዚያ ጄሉ መጣ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ መገጣጠሚያችን ውስጥ ያለ ልጋግ መሰል ነገር ነው። ወፍሮ ተዘጋጅቶ በቀጭን ቱቦ ማኅፀን ውስጥ ይገፋል፣ ቁስሉ እስኪሽር በመሐል ይቆማል፣ ከዚያ በራሱ ይጠፋል። በ2017 በኔዘርላንድስ ከዚህ በፊት የተጠረጉና ዳግም ሊጠረጉ የመጡ 152 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወዲያው ጄል ተደረገላቸው። በኋላ በሂስተሮስኮፒ ሲታዩ መጣበቅ የተገኘው ጄል ካገኙት በ13 በመቶው፣ ካላገኙት በ30.6 በመቶው ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከፈረንሳይ ስስ ቅጠል የመሰለ ፊልም መጥቷል፤ ተጠቅልሎ ገብቶ በውስጥ ይዘረጋል፣ ቆይቶ ሟሙቶ ይወጣል። ከቆረጣው በኋላ ኢስትሮጅን በክኒን መስጠት ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የተለመደ ነው። ብዙ ሐኪሞች ዛሬም ይሰጣሉ፤ መጠኑን ማብዛት ግን ጥቅም አልታየበትም።

በ2017 ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚያበጥረው ማኅበር፣ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ መዘነ። ጄሉ መጣበቁን ሊቀንስ ይችላል፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው አለ። ስለሚወለደው ልጅ ከተጠየቀ ደግሞ የትኛውም መከላከያ ብዙ ልጅ እንዳስወለደ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። ይህ ጄሉ አይሠራም ማለት አይደለም። ጥናቶቹ የተሠሩት ቅርጽ ለመቁጠር ነው፣ ልጅ ለመቁጠር ሺህ ሴትና ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ለአምራቹ ግን የሁለት ወር ፊልም ይበቃዋል። ሻጩ «መጣበቅ በግማሽ ቀነሰ» ሲል እውነቱን ነው፤ ገዢዋ የምትሰማው ግን «ልጅ የማግኘት ዕድሌ በእጥፍ ጨመረ» የሚል ነው። በሁለቱ መሐል ያለውን ገደል ማንም አይነግራትም።

የስቴም ሴሉ ወሬም እዚያው ገደል ዳር ነው። በ2016 የቫሌንሲያ ሐኪሞች ከሴቶቹ ከራሳቸው መቅኒ የወጡ ሴሎችን ማኅፀናቸውን ወደሚመግበው ደም ሥር አስገብተው በ16 ሴቶች ላይ የተስፋ ምልክት አዩ፤ ያረገዙም አሉ። የሚወዳደር ሌላ ቡድን ግን አልነበረም። ዛሬ በውጭ አገር ክሊኒኮች ይህን በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡ አሉ። መንደር ውስጥ ዕቁብ ተጥሎ፣ መኪና ተሽጦ የሚኬድበት ነገር ስለሆነ ነው የማነሣው። ገና የምርምር ነገር ነው።

ማዮማ የሚባለውን የማኅፀን ዕጢ ለብቻው ማንሣት አለብኝ፣ ብዙ ሴቶቻችን ቢላ የሚነካቸው በእሱ ሰበብ ነውና። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ማዮማ ያለባት ሴት መፍትሔዋ ማኅፀኗን ማስወጣት ነበር። የለንደኑ ቪክቶር ቦኒ ሚስት ይኸው ደረሰባት፣ ልጅም ሳይወልዱ ቀሩ። ቦኒ የቀረ ዕድሜውን ማኅፀኑን ትቶ ዕጢውን ብቻ ለማውጣት ሰጠ፤ ደም የሚያቆም መቆንጠጫ ሠራ፣ በስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። አንድ ሰው የራሱን ቤት ሐዘን እንዲህ ወደ ሙያ ሲለውጥ ብዙ አላየሁም። ከእሱ በኋላ ያለው ታሪክ እየቀነሱ የመቁረጥ ታሪክ ነው። በ1976 ሮበርት ኒውዊርዝ ወደ ክፍተቱ የወጣውን ማዮማ በሂስተሮስኮፒ፣ ሆድ ሳይከፈት፣ ቆርጦ ማውጣቱን ጻፈ። ግን ይህም ዋጋ አለው። በ2000 ከቱርክ የወጣ ጥናት ማዮማ በኤሌክትሪክ ሽቦ የተቆረጠላቸውን ተከታትሎ፣ አንድ ማዮማ ከወጣላቸው 31.3 በመቶ፣ ብዙ ከወጣላቸው 45.5 በመቶ ላይ መጣበቅ አየ። ማኅፀንን የሚከፍለው መጋረጃ ብቻ ለተቆረጠላቸው ግን 6.7 በመቶ ነበር። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ፊት ለፊት የተተከሉ ሁለት ማዮማዎችን በአንድ ቀን አያወጣም፤ አንዱን አውጥቶ፣ አሽሮ፣ ለሌላው ይቀጥራል። ሕመምተኛዋ «ገንዘብ ለመብላት ነው ሁለቴ የሚቀጥረኝ» ብትል አይፈረድባትም፤ ግን ምክንያት አለው።

ከውጭ በኩል፣ ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ማኅፀን ከአንጀትና ከቱቦዎች ጋር የሚጣበቅበትም ሌላ ጠባሳ አለ። ከ1989 ጀምሮ ቁስሉ ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ መሰል መከላከያ ገበያ ላይ ውሏል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የጓንት ዱቄት ነው። ጓንቱ እጅ ላይ እንዲንሸራተት የሚነሰነሰው ዱቄት ሆድ ውስጥ ሲበን መጣበቅ እንደሚያስከትል ለአሥርተ ዓመታት ሲጻፍ ቆይቶ የአሜሪካ መንግሥት ያገደው በ2017 መግቢያ ነው። ጄል ከመግዛት በፊት ጓንት መለወጥ ይቻል ነበር።

ወደ አገራችን ስመጣ ትልቁ ለውጥ የተደረገው ለጠባሳ ታስቦ አይደለም። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ውርጃ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲያሰፋ፣ በቀጣዩ ዓመት ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የአሠራር መመሪያ ሲያወጣ፣ ዓላማው በቤት ውስጥ ውርጃ የሚሞቱ ሴቶችን መቀነስ ነበር። ከመመሪያው ጋር ግን አንድ ዕቃ እስከ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ሐኪሞቹ ኤምቪኤ የሚሉት፣ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትልቅ የፕላስቲክ ሲሪንጅ። ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ሠለጠኑበት።

ሲሪንጁን አንድ አዋላጅ ጠረጴዛ ላይ ፈታታ አሳይታኛለች። አየሩ ይወጣና በሁለት ቁልፍ ይዘጋል። ጫፉ ላይ የሚሰካው ቱቦ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ነጠብጣብ ምልክቶች ስላሉት ምን ያህል እንደገባ ይታወቃል። ቁልፉ ሲለቀቅ ውስጥ ያለው ተስቦ ይመጣል። «መቼ ነው የምታቆሚው?» አልኳት። «ሮዝ አረፋ ብቻ ሲመጣ» አለችኝ፣ «ማኅፀኑ ቱቦውን ጨምቆ ሲይዝ። ሻከር ሲል።» ያቺ «ሻከር» እዚህም አለች፣ አሁን ግን የማቆሚያ ምልክት ናት። ለስላሳ ፕላስቲክ ሥረኛውን ንጣፍ እንደ ብረት አይልጥም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሹል ማንኪያ እንዲህ ባለ መሳቢያ (ቫኪዩም) ወይም በክኒን እንዲተካ ሲመክር ቆይቷል። ቫኪዩምም ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ ደጋግሞ ከገባ፣ ኢንፌክሽን ከጨመረበት፣ እሱም ይጎዳል። ማኅፀን ውስጥ ምንም ዕቃ የማያስገባው በሚሶፕሮስቶል ክኒን ማስወጣት ነው፤ ለጠባሳ ትንሹ ስጋት ያለውም እዚያ ነው። «በክኒን ቀረብኝ፣ ጥረጉኝና ልገላገል» የምትል ሴት ግን ብዙ ናት። መጠረግ እንደ መጽዳት ይቆጠራል። ቃሉ ራሱ አሳስቶናል መሰለኝ፤ ቤት የሚጠረገው ቆሻሻ ስላለው ነው።

በእኛ አገር የፈረንጅ መጻሕፍት በአንድ መስመር የሚያልፉት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ቲቢ። ሳንባን ብቻ ሳይሆን ማኅፀንንና ቱቦዎችን ይይዛል፣ ሳይሰማ ሽፋኑን ይበላል፣ በመጨረሻ ክፍተቱን ጠባሳ ይሞላዋል። ቢላ ያልነካት ሴት ማኅፀኗ ተጣብቆ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ቲቢው ይድናል፣ ሽፋኑ ግን ጠባሳው ተቆርጦም ብዙ ጊዜ አይመለስም። በቀዶ ጥገና መውለድ ደግሞ አገሪቱን ለሁለት ከፍሏታል። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ 2 በመቶ ነበር፣ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ግድም። ገጠር ቢላ ያጣል፣ ከተማ ይበዛበታል። የስፌቱ ቦታ ሳስቶ ጎድጓዳ የሚተውባቸው፣ የወር አበባቸው ካበቃ በኋላ ቡናማ ደም ለቀናት የሚንጠባጠብባቸው ሴቶች ሐኪም ቤት መምጣት የጀመሩት ለዚህ ነው።

በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፈት ብዙዎች የጠበቁት በብልቃጥ የሚጸነሰውን ሽል ነበር። ሽሉ ግን የሚያርፍበት መሬት ይፈልጋል። የተላጠ ማኅፀን ውስጥ ምርጡ ሽል አይበቅልም። የሂስተሮስኮፒ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ደግሞ እስካሁን በጥቂት ሆስፒታሎችና የግል ክሊኒኮች የታጠረ ነው። በየክልሉ ሲሪንጁን ያደረስነውን ያህል መቀሱን አላደረስንም።

የአክስቴን ልጅ ከቆረጣው በፊት ሐኪሙ ብዙ አስጠንቅቋታል። ቆረጣው ሊደገም ይችላል፤ ክፍተቱ ተከፍቶም ላታረግዝ ትችላለች፤ ካረገዘች የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ሥር ሰድዶ ሊጣበቅና በወሊድ ጊዜ ከባድ ደም ሊያስፈስስ ስለሚችል ክትትሏ ደም መስጠት በሚችል ሆስፒታል መሆን አለበት። እነዚህን ሦስቱን ከመቁረጡ በፊት የሚነግር ሐኪም ማግኘት መታደል ነው። ብዙ ሴቶች የመጨረሻውን የሚሰሙት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነው።

የተቆረጠላት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ካቴተሯን ለአንድ ሳምንት ይዛ ቤት ተኛች፤ እናቷ «ይህ የሽንት ዕቃ ምን ሊሠራ ነው?» እያሉ አጥሚት አጠጧት። ከሁለት ወር በኋላ ለዳግም እይታ ሲጠሯት ስክሪኑን እንዲያዞሩላት ጠየቀች። የግራው ማዕዘን ተከፍቷል፤ የቱቦው አፍ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን ድር ተመልሷል። ሐኪሙ በመሣሪያው ጫፍ ነካ ሲያደርጋት ተበጠሰች።

ስትለብስ ሳለ የድሮውን የክሊኒክ ወረቀቷን አወጣች፤ ሁለት ጊዜ የተጠረገችበትን። በሁለቱም ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ተጠርጓል»። በምን፣ በማን፣ ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ወጣ፣ የለም። ሐኪሙን የዛሬውን ሁሉ በሰነዷ ላይ እንዲጽፍላት ለመነችው፤ መቀስ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተቆረጠ፣ ፊኛው ስንት ቀን እንደቆየ። ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ወረቀቱን አጥፋ ካኪው ፖስታ ውስጥ፣ ከፊልሙ ጎን አስገባችው።